ከተራው ሰው ጋር በጥልቀት መነጋገር ለትምህርት ያለው ጥቅም
(ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ በተወሰዱ ምሳሌዎች)

መግቢያ

ትምህርት ከተማሪው አካባቢና ኑሮ ጋር የተዛመደ መሆን እንዳለበት በየስብሰባው ሲነገር ብዙ ዘመን ሆኗል። ይህ አሳብ ያልተጻፈበት የሥርዓተ ትምህርት መመሪያም አይገኝም። ይሁን እንጂ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር «የአካባቢውን ኑሮ ከየት አገኘዋለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የምንሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ሌላ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ስለዚያ አገር የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የተናገረም እንደሆነ ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦር አለቆቹ እንጂ ስለሚያርሰው፣ ስለምትፈትለውና በግ ስለሚጠብቀው ሰው አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ስሙ በመጽሐፍ ያልተጻፈና በአደባባይ ያልተጠራ ሰው ለመምህሩም ሆነ ለትምህርት ዐቃጁ ምን ያህል የዕውቀት ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ነው። ከዚያም አልፎ ይህ ሰው ሳይጠየቅ ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት በምሳሌ ያሳያል፤ በመጨረሻም በትምህርት ቤት ሊሠራበት የሚችል ዘዴ ያቀርባል። «ተራ ሰው» ስንል ለማቃለል አይደለም። ሹመት፣ ዝና ወይም የትምህርት ማስረጃ ሳይኖረው በሥራው የሚኖረውን፣ ማለትም ከሕዝባችን እጅግ የሚበዛውን ሰው ለማመልከት ነው።

1. በጥልቀት መነጋገር ሲባል ምን ማለት ነው?

በጥልቀት መነጋገር ከመጠይቅ ይለያል። መጠይቅ የሚጠይቀውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ለመልሱም ቦታውን ለክቶ ይጠብቃል። ስንት ሰው ትምህርት ቤት ገባ? ስንት ኩንታል ተመረተ? እንደዚህ ያለውን ለመቁጠር መጠይቅ ተገቢ መሣሪያ ነው። በጥልቀት መነጋገር ግን ጠያቂው ገና የማያውቀውን ለማወቅ የሚደረግ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጥቂት፣ ጊዜው ሰፊ፣ አድማጩም ትዕግሥተኛ መሆን ይኖርበታል። ከአንድ ሰው ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ጊዜ መገናኘትን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ቀን ንግግር በአብዛኛው ለእንግዳ የሚሰጥ የአክብሮት መልስ ነው፤ ቁም ነገሩ የሚወጣው ተናጋሪው «ይህ ሰው በእርግጥ ሊሰማኝ መጥቷል» ብሎ ካመነ በኋላ ነው።

ሁለቱ ዘዴዎች ሊተካኩ አይችሉም። ቁጥር ስፋትን ያሳያል፤ ንግግር ደግሞ ምክንያትን ያሳያል። ችግር የሚመጣው ምክንያቱን ሳናውቅ በቁጥሩ ብቻ ውሳኔ ስንሰጥ ነው።

2. ከራሴ ስሕተት የተገኘ ትምህርት

ይህን የምለው ከራሴ ልምድ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት አራት ገጽ መጠይቅ ይዤ በሰሜን ሸዋ ደጋ ወደሚገኝ አንድ ቀበሌ ሄጄ ነበር። በአንድ ቀን ዐሥራ አንድ ቤት አዳረስሁ። በመጨረሻው ቤት ያሉትን ሽማግሌ «ማዳበሪያ ይጠቀማሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የለም» አሉኝ። በተሰጠኝ መመሪያ መሠረት በዚያው ረድፍ ላይ «ልማዳዊ አስተራረስ» ከሚለው ፊት ምልክት አድርጌ አለፍሁ።

በዚያው ምሽት በረዶ ጥሎ መንገዱ ስለ ተበላሸ በሽማግሌው ቤት አደርሁ። ወረቀቱን አጥፌ በምድጃው ዙሪያ ቆሎ እየቆረጠምን ስንጫወት ስለ ጓይ አነሡልኝ። ጓይ በሰሜን ሸዋ ደጋ የታወቀ የአፈር ማቃጠል ዘዴ ነው። ለብዙ ዓመታት ጦም ያደረ መሬት በበጋ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ሥር የያዘው አፈር ይሰበሰብና ይከመራል፤ ከውስጡ በኩበትና በደረቅ ሣር እሳት ይለኮስበታል። ክምሩ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ይቆይና ሲበርድ ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። ሽማግሌው የክምሩን መጠን፣ አፈሩ ምን ዐይነት ቀለም ሲያወጣ እሳቱ እንደ በቃው፣ ከመጀመሪያው ዓመት አዝመራ በኋላ ምርቱ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ። ጓይ አፈሩን እንደሚያደክም አልደበቁም፤ እንዲያውም «ጓይ ብድር ነው፤ መክፈያው ዕረፍት ነው» አሉኝ። አሁን ግን መሬቱ በልጆች ተከፋፍሎ ስላነሰ ጦም የሚያድር ቦታ የለም፤ ኩበቱም ለማገዶ ሆነ። ስለዚህ ትተውታል።

«ታዲያ አባቴ፣ ቀን ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ አንተ የጠየቅኸኝ የመንግሥቱን ማዳበሪያ ነው። የኔን መች ጠየቅኸኝ?» ሲሉ መለሱልኝ።

በዚያ ምሽት ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛው፣ የሳይንስ መምህር ስለ አፈር ለምነት ሊያስተምረው የሚችለው ነገር በሽማግሌው ንግግር ውስጥ ተሟልቶ መገኘቱ ነው። እሳቱ በአፈሩ ውስጥ የታሰረውን ንጥረ ምግብ ለጊዜው ይለቅቃል፤ ብስባሹን ግን ያጠፋል። ሽማግሌው «ብድር» ያሉት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከጎናችን ተቀምጣ ታዳምጥ የነበረችው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የልጅ ልጃቸው ይህን ነገር ከአያቷ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ጊዜ መሆኑ ነው። በደብተሯ ስለ ማዳበሪያ የጻፈችው ትርጓሜ ነበራት፤ አያቷ ስለዚያ የሚያውቁት ነገር አለ ብላ ግን አስባ አታውቅም ነበር። ትምህርት ቤቱ አላስተማራትም ማለት አይቻልም። አያቷ ዐዋቂ እንዳልሆኑ ሳይናገር አስተምሯታል።

እኔም በማግሥቱ ወረቀቱን ላርም ብፈልግ የሰማሁትን የምጽፍበት ቦታ አልነበረውም። በኋላ የወጣው ዘገባ የዚያ አካባቢ ገበሬ የአፈር ለምነት እንክብካቤ ልማድ የለውም የሚል ዐረፍተ ነገር ይዞ ነበር። ለዚያ ዐረፍተ ነገር ከነበሩት ምልክቶች አንዱ የእኔ ነው።

3. ገበሬው ሳይጠየቅ የተዳቀለው በግ

ከላይ የተነገረው የአንድ ሰው ስሕተት ነው። ነገሩ በዕቅድ ደረጃ ሲደርስ ምን እንደሚመስል የመንዝ በግ ታሪክ ያስረዳል። የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስ ያለ፣ ላቱ የሰባ፣ ጠጉሩ ሻካራ ሆኖ ለባና፣ ለዝተትና ለበርኖስ የሚሆን፣ ብርድንና የመኖ እጥረትን የሚችል ዝርያ ነው። ውርጭና በረዶ ገብሱን በሚያጠፉበት፣ በልግም በሚቀርበት ዓመት ቤተ ሰቡን የሚያሻግረው ይኸው በግ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህን በግ ለማሻሻል ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ከተባሉ የውጭ አገር ዝርያዎች ጋር ማዳቀል ተሞክሮ ነበር። ዓላማው ሥጋና ጠጉር ማብዛት ስለ ነበር በሚዛን ሲታይ ተገቢ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ገበሬው የተዳቀለውን በግ አልተቀበለውም። ከምክንያቶቹ ዋነኛው የበጉ መልክ ነው፤ ላቱ ቀጭን ሆነ፤ ቀንዱም ጠፋ። ለመንዝ ገበሬ ላት ጌጥ አይደለም፤ በገበያ ዋጋ የሚቆረጥበት ምልክት ነው። በኋላ ከመካከለኛው ምሥራቅ አዋሲ የተባለ ላተ ሰፊ ዝርያ እንዲመጣ ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። የላትን ነገር ግን ከማንኛውም የመንዝ በግ ሻጭ ጋር አንድ የገበያ ቀን ተቀምጦ የተነጋገረ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይችል ነበር።

ከዚህ የተለየ አካሄድ የታየው እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 በተካሄደው ጥናት ነው። ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ሲሠሩ የማሻሻያውን ግብ ከገበሬውና ከአርብቶ አደሩ ጠይቀው ለመወሰን ሞከሩ። ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ባለቤቱ ከራሱ መንጋ ምርጥ የሚላትንና መጥፎ የሚላትን እናት በግ ለይቶ፣ ለምን እንደ መረጣት ታሪኳን እንዲናገር ማድረግ ነበር። ስንት ጊዜ ወለደች? ግልገሎቿ አደጉ ወይስ ሞቱ? ይህ በመሠረቱ በጥልቀት መነጋገር ነው። ከዚያም የየአካባቢው ነዋሪ ከራሱ መንጋ አውራ በጎችን በጋራ እየመረጠ በጋራ እንዲጠቀም የሚያደርግ አሠራር ተጀመረ፤ በመንዝም ተሠርቶበታል። ሁለቱን አካሄዶች ስናነጻጽር ልዩነቱ የሳይንስ መኖርና አለመኖር አይደለም። በሁለቱም ሳይንስ አለ። ልዩነቱ ጥያቄው መቼና ለማን እንደ ቀረበ ነው።

4. የጓሳ ሣር ሥርዓት

ሁለተኛው ምሳሌ ከመሐል ሜዳ በላይ በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ የሚገኘው የጓሳ ምድር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ስያሜውን ያገኘበት ጓሳ የተባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና የዝናብ መከላከያ ለሆነው ለጌሳ ያገለግላል።

ይህ ምድር ሳይራቆት የቆየው «ቄሮ» በሚባል የአካባቢው ሥርዓት ነው። እንደሚነገረው ሥርዓቱ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ መብቱ የአስቦና የጌራ አቅኚ አባቶች ተወላጆች ነበር። ከየወገኑ የሚመረጥ አባ ቄራ ነበረ። ምድሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ከሽማግሌዎች ጋር ተመክሮ ይከፈታል፤ ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት ይዞታ ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በሣሩ ላይ ብርቱ ጉዳት ደረሰ። ነዋሪው ቆይቶ የቀድሞውን መከልከልና መጠበቅ በአዲስ መልክ አቋቋመው፤ ዛሬ ቦታው በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኗል።

የቄሮን ሥርዓት በሰፊው ያጠኑት ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ የአሠራሩን ዝርዝር አሳውቀዋል። እንዲህ ያለው ዝርዝር በአንድ ቤተ መዛግብት ተሟልቶ የሚገኝ አይደለም፤ ሥርዓቱን በኖሩበት፣ ሣሩን ባጨዱትና ምድሩን በጠበቁት ሰዎች አእምሮ ውስጥ የነበረ ነው። ስለ መንዝ ሕዝብ ታሪክና ባህል ሶሲዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉም፣ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን መሠረት ያደረጉ ናቸው።

የጓሳ ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። ከባለ መብቶቹ ተወላጆች አንዱን ብቻ የጠየቀ ሰው የሚሰማው የአባቶችን ጥበብ ነው። በኋላ ወደ አገሩ ከገባና የመብቱ ተካፋይ ካልነበረ ቤተ ሰብ የተወለደን ሰው ከጠየቀ ግን ሣሩን በዐይን እያየ ሳይነካ የኖረ ሰው ታሪክ ይሰማል። ሁለቱም እውነት ነው። አዲሱ ሥርዓት የቀድሞውን ጥበቃ እየወሰደ ቀድሞ የተከለከሉትን ማካተቱ ለምን እንዳስፈለገ ሊገባን የሚችለው ሁለቱንም ስንሰማ ነው።

5. የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ዘዴ በአገራችን ብቻ የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ኢዋርት ኢቫንስ፣ ብላክስሆል በምትባል መንደር ሲኖር ጎረቤቶቹ የሆኑ ሽማግሌ የእርሻ ሠራተኞች የሚናገሩትን እየጻፈ እ.ኤ.አ. በ1956 መጽሐፍ አሳተመ። ትራክተር ከመምጣቱ በፊት የነበረው አስተራረስ ከነቃላቱ በዚያ ተጠብቆ ቀረ። ባለቤቱ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርት እንደ ነበረች ማስታወስ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል። በአሜሪካ የቺካጎው የራዲዮ ሰው ስተድስ ተርክል፣ ሰዎች ስለ ዕለት ሥራቸው የነገሩትን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያሳትም፣ የአስተናጋጇና የቆሻሻ ሰብሳቢው ንግግር እንደ ባለሥልጣን ንግግር ሊነበብ እንደሚገባው አሳየ። በብራዚል ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 በአንጊኮስ የመሠረተ ትምህርት ሥራውን ሲጀምር አስቀድሞ ያደረገው ከነዋሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ የኑሯቸውን ቃላት መሰብሰብ ነበር፤ ንባቡም ከእነዚያ ቃላት ተነሣ።

በእኛም አገር በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ገጠር ዘምተዋል። ብዙዎች በገበሬው ቤት አድረዋል፤ እንጀራውን ቆርሰዋል። ለማስተማር ደብተር ተሰጥቷቸው ነበር። የሰሙትን የሚጽፉበት ሌላ ደብተር ተጨምሮላቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚኖረውን ሀብት መገመት አያዳግትም።

6. ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

የሰው ንግግር ሁሉ እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ትውስታ ይሳሳታል፤ ስለዚህ አንድን ነገር ቢያንስ ከሁለትና ከሦስት ሰው መስማት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አማርኛ ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ነው። በደጋው አገር ሽማግሌ ስለ ጎረቤቱ በሬ ሲናገር ስለ ጎረቤቱ መናገሩ ሊሆን ይችላል። አድማጩ ሰሙን ብቻ ጽፎ እንዳይመለስ መጠንቀቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ዘመን በቁጥር ላይነገር ይችላል። ይሁን እንጂ ዘዴ አለው፤ አንዲት እናት «በዘመነ ማቴዎስ፣ በትልቁ ድርቅ ጊዜ ወለድሁት» ቢሉ፣ ዘመነ ማቴዎስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ፣ ከድርቁ ጋር ሲዛመድ 1977 ዓ.ም. ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ይህ ራሱ ለሒሳብና ለታሪክ መምህር የጋራ ትምህርት ይሆናል። ዐራተኛ፣ የሚጠየቁት ወንዶች ሽማግሌዎች ብቻ እንዳይሆኑ ነው። ከጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው፣ የአርበኞቹን ስም እናውቃለን፤ ስንቅ ያዘጋጁት ሴቶች ግን ሳይጠየቁ ብዙዎቹ አልፈዋል።

ከሁሉ በላይ የተናጋሪው ደኅንነትና ክብር ይቀድማል። ሰው በሥጋት በሚኖርበት ጊዜ የተናገረው ነገር ሊጎዳው ይችላል። ያለ ፈቃዱ ስሙ አይጻፍ፤ ስለ ጸብ፣ ስለ ደምና ስለ መሬት ክርክር ተማሪ እንዲጠይቅ አይላክ፤ የተጻፈውም ለራሱ ተነቦለት «ይህን ተው» ያለው ይሰረዝ።

7. በትምህርት ቤት እንዴት ይሠራበታል?

ዘዴው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ከዚህ የሚከተለውን አሠራር ለመምህራን እናቀርባለን።

ሀ) ተማሪው አስቀድሞ በክፍል ውስጥ ይለማመድ። ሰላምታ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ሽማግሌን «አንቱ» ማለት፣ ተናጋሪው ዝም ሲል አብሮ ዝም ማለት ይማር። ዝምታን መቻል ከሁሉ የሚከብደው ነው።

ለ) ጊዜው ይመረጥ። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ሰው አይያዝ። በበዓል ቀን ወይም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመቻል። እናቶች ሥራ ስለማይፈቱ ልጁ እየፈተሉ ወይም እየለቀሙ ያነጋግራቸው፤ እጁንም ያበድር።

ሐ) ጥያቄው ለአንድ ሥራ ወይም ለአንድ ቀን የተወሰነ ይሁን። «የድሮ ኑሮ እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ አያስገኝም። «ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የሄዱ ዕለት ምን ይዘው ሄዱ?» ወይም «አንድ ዝተት ከሸለታ እስከ ሽያጭ ስንት እጅ ያልፋል?» የሚለው ግን ወደ ታሪክ ያስገባል።

መ) የተጻፈው በተናጋሪው ቃል ይሁን። መምህሩ ቋንቋውን «አሳምሮ» አያበላሸው።

ሠ) ተማሪው ተመልሶ ይሂድ። የጻፈውን ያንብብላቸው፤ ያልገባውን ይጠይቅ።

ረ) ሥራው ወደ ትምህርቱ ይግባ። የዝተቱ ክንድ ለሒሳብ፣ ጓይ ለሳይንስ፣ የቄሮ ሥርዓት ለሥነ ዜጋ፣ ከመንዝ ደጋ ወደ መርሐ ቤቴ ቆላ የሚደረገው የገብስና የማሽላ ልውውጥ ለጂኦግራፊ ያገለግላል።

ሰ) ደብተሮቹ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ ተመዝግበው ይቀመጡ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ማንኛውም አሳታሚ ሊሰጠን የማይችለው የአካባቢ መጽሐፍ ይሆናሉ።

ለዐቃጆች የምናቀርበው አሳብ ሁለት ነው። በዓመታዊው የትምህርት ካላንደር ለዚህ ሥራ ጥቂት ክፍለ ጊዜያት ይመደቡ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ዕጩ መምህራን ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ከአንድ የአካባቢው ሰው ጋር ያደረጉትን ንግግር ጽፈው እንዲያቀርቡ ያድርጉ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ተራውን ሰው በጥልቀት ማነጋገር በጎ አድራጎት ወይም የባህል ጌጥ አይደለም። ባለመጠየቃችን የተዳቀለ በግ ተመልሶብናል፤ የተሳሳተ ዘገባ ወጥቷል፤ ልጅም አያቷን አላዋቂ አድርጋ አድጋለች። በመጠየቃችን ደግሞ አንድ የሣር ሥርዓት ታውቋል፤ አንድ የበግ ማሻሻያ ሥራ ሥር ይዟል።

ስለ ጓይ የነገሩኝን ሽማግሌ ከሁለት ዓመት በኋላ በድጋሚ ልጠይቃቸው ስሄድ ዐርፈው አገኘሁ። የልጅ ልጃቸው ግን በዚያ ምሽት የሰማችውን በደብተሯ ጽፋው ነበር። ዛሬ ስለዚያ ቤት ጓይ የማስተምረው ከእኔ ማስታወሻ ሳይሆን ከእርሷ ጽሑፍ ገልብጬ ነው፤ ምክንያቱም እኔ የረሳሁትን የእሳቱን ምልክት እርሷ መዝግባው ተገኝታለች።